በልጄ ፈንታ የተኛሁ ዕለት

ሰው በራሱ እንቅልፍ ሲዋረድ ብዙ አይቻለሁ። ስብሰባ ላይ አንገቱ እንደታመመ ዶሮ ዘንበል የሚልበት አለ፤ ሚኒባስ ውስጥ ተኝቶ ከመውረጃው ሁለት ፌርማታ አልፎ የሚነቃ አለ፤ ስብከት መሃል ባንኖ ማንም ሳይለው "አሜን!" ብሎ የሚጮህም አውቃለሁ። እኔ ግን የተዋረድኩት ገና ባልተወለደ ሰው እንቅልፍ ነው። አትሳቁ አልልም። ሚስቴም አሁን አሁን ትስቃለች፤ ያኔ ግን አልሳቀችም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ በእኛ ሰፈር ግማሽ ሐኪም ነው። የልጅ ቶንሲል ያሳዩኛል፣ የዶሮ በሽታ ያማክሩኛል፤ አንዷ ጎረቤቴ እንዲያውም የቴሌቪዥኗን ሪሞት ይዛ መጥታ "መምህር፣ እስቲ ምን እንደሆነ እይልኝ" ብላኛለች። መጀመሪያ አካባቢ "አላውቅም" እል ነበር። ሰው ግን "አላውቅም" ስትለው ትሑት ነህ ይልሃል እንጂ አያምንህም። ቀስ በቀስ አላውቅም ማለቱን ተውኩት። የመከራዬ ሁሉ መነሻ እሱ ነው።

ባለቤቴ ጸጋነሽ የዶርዜ ልጅ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ። እኔ በአንድ ሰዓት የማወራውን እሷ በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ቃላት "እሺ፣ ተወው" ናቸው። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ለክትትል በምትሄድበት ሆስፒታል ዶክተር ሄለን ከምትባል ተመራማሪ ጋር ተዋወቅን። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ግን ነጭ ጋውን ስለምትለብስ ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው የምላት። የምታጠናውን ስትነግረን ጆሮዬን አላመንኩም። ያልተወለዱ ሕፃናትን እንቅልፍ ነው የምታጠናው።

"እዚያ ውስጥ ሌላ ምን ሥራ አለው? ቀኑን ሙሉ ይተኛል አይደል?" አልኩ፣ እንደ ባለሙያ እግሬን አነባብሬ።

"አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፣ መምህር" አለች። "ግን እንቅልፉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዴ ጸጥ ያለ ጥልቅ እንቅልፍ ነው፤ ልቡ እኩል እኩል ይመታል፣ እጅ እግሩን አያንቀሳቅስም። አንዳንዴ ደግሞ ንቁ እንቅልፍ ይተኛል፤ ተኝቶ እያለ ይንፈራገጣል፣ በተከደነው ዓይኑ ሥር ብሌኑ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የልቡ ምት ይለዋወጣል። በዚያ ጊዜ አንጎሉ ሥራ ላይ ነው፤ ራሱን እየገነባ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መቼ መቼ እንደሚሻገር ካወቅን፣ አንጎሉ በደህና እያደገ መሆኑን ገና ሳይወለድ ልናውቅ እንችል ይሆናል።"

ጸጋነሽ ሆዷን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ፣ "ሕልምስ ያያል?" ብላ ጠየቀች።

ዶክተሯ ፈገግ አለች። "እሱን አላውቅም።"

ልብ በሉ፤ ሐኪም ሆና፣ ተመራማሪ ሆና፣ "አላውቅም" አለች። እኔ ብሆን ኖሮ ግማሽ ሰዓት አስረዳ ነበር።

ጥናቱ እቤት ውስጥ የሚደረግ ነው። ሰፊ፣ ለስላሳ ቀበቶ ተሰጠን፤ በውስጥ በኩል ገላ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ነገሮች አሉት፣ በጎኑ የክብሪት ቀፎ የምታህል መቅጃ አለችው። ጸጋነሽ በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ ታጥቃው በግራ ጎኗ ትጋደማለች። ቀበቶው የልብ ምትና እንቅስቃሴ ይቀዳል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ዘገም የሚለውን የእናቲቱን ልብ ከፈጣኑ የልጅ ልብ ለይቶ ያወጣል። ይህ ለሰባት ቀን። ለእኔ ደብተር ተሰጠኝ። እናቲቱ ምን በላች፣ መቼ ተጋደመች፣ ልጁ መቼ ረገጠ፤ እሱን መጻፍ ነው ሥራዬ።

"አንድ ቀን ባይመቻችሁ ችግር የለውም" አለች ዶክተሯ ስትሸኘን። "'አልተቀዳም' ብለው ይጻፉ። ባዶ ቀንም ለእኔ መረጃ ነው።"

ይህችን ዓረፍተ ነገር በደንብ ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ልል አልችልም፤ ጸጋነሽ አጠገቤ ነበረች። በኋላም አስታውሳኛለች፤ ደጋግማ።

ደብተሩ እጄ ከገባ በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ። የግቢው በር ላይ "ጸጥታ! ሰው ተኝቷል" ብዬ ለጠፍኩ። ጎረቤቴ "በዚህ ሙቀት፣ በጠራራ ፀሐይ ማነው የተኛው?" ስትለኝ፣ "ያልተወለደ ሰው" አልኳት፤ አማትባ ገባች። ፊት ለፊታችን የሚቆሙትን ባለ ባጃጆች ሙዚቃ ቀንሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አንደኛው፣ "ሳይወለድ እንዲህ ካደረገን፣ ሲወለድማ ሰፈሩን ሊያስለቅቀን ነው" አለ፤ ግን ቀነሰልኝ።

ዋናው ጠላቴ የጓሮው ማንጎ ነበር። ማንጎ ከነፍሬው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል አርባ ምንጭ የኖረ ያውቀዋል፤ ቤቱ በድንጋይ የተወገረ ነው የሚመስለው። በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቼ አሮጌ ጆንያ አነጠፍኩበት። ጆንያው የማንጎውን ድምፅ አጠፋው፤ ነገር ግን ለጦጣዎች ምንጣፍ ሆነላቸው። አራት ሆነው መጥተው ተደላድለው ተቀመጡና ማንጎ መብላት ጀመሩ። ፍሬውን የሚወረውሩት ደግሞ ጆንያ ወዳልደረሰበት ቆርቆሮ ነው። እነሱን ላባርር መልሼ ወጣሁ።

ጸጋነሽ ከተጋደመችበት ሳትነሣ፣ "ማነው ጣሪያ ላይ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ከአንተ ሌላ?"

"አራት ናቸው።"

"እሺ፣ ተወው" አለች።

በማግስቱ ይህን ሁሉ ለዶክተር ሄለን ስነግራት በትዕግሥት ሰማችኝ። "መምህር" አለች፣ "የእናት ሆድ ውስጥ እኮ የልብ ምቱ አለ፣ የደሙ ዝውውር አለ፣ የአንጀቱ ጩኸት አለ። ወፍጮ ቤት ማለት ነው። ልጁ የሚተኛው እዚያ መሃል ነው፤ ለማንጎ ብለው ጣሪያ ላይ አይውጡ፣ ይወድቃሉ።" ከዚያ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረገችው። 'ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፦ ረገጠ፣ ወደ ግራ። ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት፦ ደገመ፣ በንዴት ይመስላል።' ቅንድቧ ከፍ አለ። "እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ አባት ግን አይቼ አላውቅም።"

አይቼ አላውቅም አለች! ያቺ ቃል ናት ያሰከረችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ ስገባ እንኳ አረማመዴ ተለወጠ ይላሉ ተማሪዎቼ።

ስድስት ቀን ሞላን። ሰባተኛው ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት የሚስቴ እናት ደወሉ። እሳቸው አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን ከገበያ ስለለመዱት "አንተ" እና "አንቺ" ላይ አይጨነቁም። እኔን "አንቺ" ይሉኛል፣ ልጃቸውን "አንተ"። ገና አማች ሆኜ የገባሁ ሰሞን ላርማቸው ሞክሬ ነበር። አሁን ግን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም የቤታችንን ሁኔታ በደንብ የተረዱት እሳቸው ናቸው እላለሁ።

"አንቺ ልጄ፣ ጸጋነሽን ላኪልኝ" አሉ። "ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል። የምሕረት ነገር ነው።"

ምሕረት የጸጋነሽ ታናሽ እህት ናት። ታላቅ እህት በሌለችበት ሽማግሌ አይቀመጥም። እኔ ቅዳሜ ለምሳ እንድደርስ ተባባልንና፣ ጸጋነሽ ቀበቶውን ከነመቅጃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። "ዛሬ አልተቀዳም ብለህ ጻፍ" አለችኝ። ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት።

ልጽፍ ተቀመጥኩ። ብዕር አነሣሁ። "አል" ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። ስድስቱ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ ተጽፎ፣ ሰባተኛው ላይ አንዲት ቃል ብቻ! የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ሲስቅ ነው የመሰለኝ። ዶክተሯ ገልጣ ስታየው ታየኝ። "እኚህም እንደ ሌሎቹ ናቸው" ስትል ተሰማኝ።

በዚያ ሰሞን ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። ምሳዬን የጫሞ አሳ ጠግቤ በልቼ እቤት ስገባ፣ ቀበቶው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ያየኛል። አባቱ አይደለሁም እንዴ? አልኩ ለራሴ። በባዮሎጂ ሕግ የልጁ ግማሽ ዘር ከእኔ ነው። ስለዚህ እኔ ብተኛለት መረጃው ቢያንስ በግማሽ ትክክል ይሆናል። ይህን ያሰበው እንግዲህ ተማሪዎች የላብራቶሪ ሪፖርት ሲኮራረጁ ዜሮ የሚሰጥ ሰው ነው።

ታጠቅኩት። ሆዴ ደግሞ፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ቀበቶውን ሞላው፤ እንዲያውም ከጸጋነሽ ልክ ትንሽ ላላ አድርጌ ነው ያሰርኩት። በመመሪያው መሠረት በግራ ጎኔ ተጋደምኩ። ተኝቼ ልዋሽ ነበር ሐሳቤ፤ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ በእውነት ተኛሁ። ስነቃ ደብተሩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ 'ስምንት ሰዓት ተጋደመች። አሥር ሰዓት ነቃች። ልጁ ሰላማዊ ነበር።'

ዓርብ ለዶክተር ሄለን አስረከብኩ። "ሰባት ቀን ሙሉ!" አለች። "ከሌሎቹ አንዷም ሰባቱን አልጨረሰችም።" መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ፈገግ አልኩ። ፈገግታ ውሸት ውስጥ አይገባም ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ስልኬ ጠራ።

"መምህር፣ ጸጋነሽ አጠገብዎ ናት?" ዶክተሯ ናት፤ ድምፅዋ የወትሮው አይደለም።

"የለችም፤ ዶርዜ እናቷ ጋ ሄዳለች።"

"ዛሬ ልጁ ተንቀሳቅሷል አለችዎት?"

"አልተነጋገርንም። ምነው?"

"አይደንግጡ። የሐሙሱን ቅጂ ገና አሁን ማየቴ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ኮምፒውተሩ ሁለት ልብ ማግኘት ነበረበት። የሚያገኘው አንድ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመታውን፣ የትልቅ ሰውን። የልጁን ልብ አጣሁት።"

ቀዩ ብዕር ከእጄ ወደቀ። ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ዕድሜ ልኬን የማላውቀውን ሳስረዳ ኖሬ፣ የማውቀውን የማስረዳበት ቀን ሲመጣ ድምፅ አጣሁ።

"ዶክተር፣ ያ ልብ እኮ..."

"ይገባኛል፤ ያስደነግጣል። ለእሷ ራሴ በቀስታ እነግራታለሁ። እርስዎ ወደ ሆስፒታል ይምጡ።" ዘጋችው።

መልሼ ደወልኩ፤ ተይዟል። ጸጋነሽ ጋ ደወልኩ፤ ተይዟል። የተያዙት እርስ በርስ መሆኑ ሲገባኝ ባጃጅ ፍለጋ ወጣሁ።

ዶርዜ የሆነውን በኋላ ከምሕረት ነው የሰማሁት። ስድስት ሽማግሌዎች ቤት ገብተው ተቀምጠዋል፤ መሪያቸው አቶ ሻንካ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ናቸው። የሚጠየቅለት ልጅ ታሪኩ ይባላል፤ ከጫሞ ዳር አሳ በፒካፕ ወደ ከተማ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ደንቡ ሆኖ ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚስቴ እናት ነገሩ አልጣማቸውም ነበር። "ሹፌር ይሮጣል" እያሉ ነው። "ይኼን ቁልቁለት ለሚሮጥ ሰው ልጄን አልሰጥም።" አቶ ሻንካ መልስ ሊሰጡ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ የጸጋነሽ ስልክ ጠራ።

ዶክተሯ በእውነትም ስለ ሐሙሱ ቅጂ ሳታነሣ ቀስ ብላ ነው የጠየቀቻት። ልጁ መጨረሻ የተንቀሳቀሰው መቼ ነው? ጸጋነሽ አሰበች። ጠዋት ስትነሣ ረግጧታል። ሽማግሌዎቹ ከመጡ ወዲህስ? እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ጠበቀች። ምንም።

ተነሥታ ቆመች። "እማዬ፣ ልጄ" ብቻ ነው ያለችው።

አቶ ሻንካ ከሁሉም ቀድመው ብድግ አሉ። "የጋብቻው ነገር ይቆየን" አሉ። "መኪና አለን፤ ተነሡ።" ጸጋነሽና እናቷ ከታሪኩ ጋር ፊት ገቡ፤ ምሕረትና ስድስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ባዶ የአሳ ሣጥኖች መሃል ተጫኑ። የጸጋነሽ ስልክ ተቀብላ ከዶክተሯ ጋር ስትነጋገር በቆየችው በምሕረት እጅ ቀረ።

እኔ በዚህ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ መልእክት እጽፋለሁ። ስደውል በእነሱ በኩል ኔትወርኩ በየኩርባው ይቆረጣል፤ ጽሑፍ ግን ያልፋል። የመጀመሪያው፦ 'ጸጊ አትፍሪ፣ ያ ልብ የእኔ ነው።' በጣም ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ምሕረት ከፒካፑ ኋላ፣ ነፋሱ ነጠላዋን እየገፈፈ፣ ጮክ ብላ አነበበችው። አቶ ሻንካ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልቤን ውሰዱለት ማለቱ ነው" አሉ። "እንዲህ ያለ ባል አለ ለካ!"

ሁለተኛው ደረሳት፦ 'ቀበቶውን የታጠቅኩት እኔ ነኝ።'

"ይኸው! ታጥቆ ተነሥቷል!" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። "ወንድ ነው!"

ሦስተኛው፦ 'ተኝቼ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።'

"ምስኪን" አሉ አቶ ሻንካ። "ሰው በቅዳሜ ጠዋት ቢተኛ ምን አለበት? ለዚህም ይቅርታ ይጠይቃል።"

ሆስፒታል ስደርስ ዶክተር ሄለን አልጋውን አስነጥፋ፣ መሣሪያውን አስቀርባ፣ በጎን አንዲት ወላጅ ምጥ ስለጠናባት ማዋለጃ ክፍል ገብታለች። በሩ ላይ ቆሜ ለነርሷ ነገርኳት።

"እህቴ፣ ልቡ የእኔ ነው።"

"አዎ፣ አባት" አለችኝ በርኅራኄ። "የአባትም ልብ እኮ ይጨነቃል። ይቀመጡ።" ውኃ አመጣችልኝ።

"አልገባሽም። ቀበቶውን እኔ..."

"ቀበቶዎን ላላ ያድርጉት፤ አየር ያገኛሉ።"

ላላ አደረግኩት። ምን ላድርግ?

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ፒካፑ በበሩ ገባ። ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ እንቁላል የጫነ ይመስላል። የሚስቴ እናት ወርደው እግራቸው መሬት እንደነካ ወደ አቶ ሻንካ ዞረው፣ "ይኼ ልጅ አይሮጥም። ምሕረትን ሰጥቻለሁ" አሉ። በዚያች ሰዓት ያንን መናገራቸው ዛሬም ይገርመኛል፤ ከጭንቀታቸው መሃል አንዱን ሸክም እንኳ አራግፈው መግባት ፈልገው ይመስለኛል።

ከዚያ ጸጋነሽ ወረደች። ፊቷን ሳየው ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"ጸጊ፣ ስሚኝ፤ የሐሙሱ ቅጂ ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ..."

"አልተንቀሳቀሰም" አለችኝ፤ የምለውን አልሰማችም። "ከዶርዜ እስከዚህ እጄን አላነሣሁም። አንድ ጊዜም አልተንቀሳቀሰም።"

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት ልነግራችሁ አልችልም። እስከዚያች ደቂቃ የምፈራው ለራሴ ነበር፤ ለስሜ፣ ለኩራቴ። ቅጂው የእኔ እንደሆነ ስለማውቅ ልጁ ደህና ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን እናቱ ናት አልተንቀሳቀሰም ያለችው። በውሸቴ የፈጠርኩት ነገር እውነት ሆኖ ሊመጣብኝ ነው አልኩ። ተከትያት ገባሁ።

ዶክተር ሄለን እየሮጠች መጣች። ጸጋነሽን አስተኛቻት፤ መስሚያውን ሆዷ ላይ አድርጋ መፈለግ ጀመረች። ወደ ቀኝ ሄደች፤ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ብቻ። ወደ ታች ወረደች፤ እሱው። የሚስቴ እናት በጋሞኛ ይጸልያሉ።

ከዚያ ተሰማ። ፈጣን፣ እኩል፣ ሳይቆራረጥ፤ ልክ ጸጋነሽ ለበዓል የቀጠረችው ልብስ ሲደርስባት የስፌት መኪናዋን እንደምትረግጠው።

"ይኸውላችሁ" አለች ዶክተሯ፤ ትንፋሿን ያኔ ነው የለቀቀችው። "ደህና ነው። በጣም ደህና ነው። ተኝቷል።"

"ተኝቷል?" አለች ጸጋነሽ።

"ጥልቁ እንቅልፍ ላይ ነው። መኪናው ሲያወዛውዘው ጊዜ እንቅልፍ ጣለው። በድንጋጤሽም መሃል ትንንሹን እንቅስቃሴ ሳታስተውይው ቀርተሽ ይሆናል። መምጣትሽ ግን ልክ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ሲሆን ነይ።"

የሚስቴ እናት እልልታውን ለቀቁት። ከውጭ "ተአምር!" የሚል የአቶ ሻንካ ድምፅ ተሰማ። እኔም እንደ ሰው አለቀስኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ሁሉም ተደስቷል፣ ተአምሩን ሁሉም ተቀብሎታል፣ እኔም ልቡን የሰጠ ባል ተብያለሁ።

ዶክተሯ ግን ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ፊቷ ጠቆረ።

"እንግዲያው የተበላሸው ቀበቶው ነው" አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር። "የተበላሸ ከሆነ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው? ከእናንተ በፊት በዚሁ ቀበቶ የቀዱ እናቶች አሉ። የእነሱንም ላምነው አልችልም። ሁሉንም መጣል አለብኝ። አንዳንዶቹ ወልደዋል፤ መድገም አይቻልም።"

አየኋት። ከወረቀቶቹ አንዱን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። እነዚያ እናቶች በዚህ ሙቀት በግራ ጎናቸው ተጋድመው ያሳለፉት ከሰዓት ሁሉ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ሊሄድ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

"ዶክተር፣ ቀበቶው ደህና ነው" አልኩ። "ሐሙስ የታጠቀው እኔ ነኝ።"

የልጁ ልብ ብቻ ይሰማል።

"እርስዎ?"

"ሰባተኛው ቀን ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋችና የሐሙሱን ምስል በስክሪኑ ከፈተችው። "ይሄ በየጊዜው እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ የሚለው..."

"ማንኮራፋቴ ይመስለኛል።"

አፏን በእጇ ሸፈነች። ሳቅ ታገላት፤ ግን አልሳቀችም። "መምህር፣ ባዶ ቀን መረጃ ነው ብዬዎት ነበር። እርስዎ የሞሉልኝ ቀን ደግሞ የሌሎቹን ሁሉ ሊያስጥለኝ ነበር። እሷንም ይዩዋት፤ ከተራራ ላይ በፍርሃት ነው የወረደችው።" ቀና ብላ ስክሪኑን እንደገና ተመለከተች። "ደግሞ ተኝተው ሳለ ትንፋሽዎ በመሃል በመሃል ይቆማል። ሰኞ መጥተው ይታዩ። ይህን የምለው እንደ ቅጣት አይደለም።"

ጸጋነሽ ጫማዋን አደረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወጣች።

የሚስቴ እናት እደጅ ላሉት ሽማግሌዎች ነገሩን በጋሞኛ ዘረገፉት። የሚገባኝ ጥቂት ቃል ነው፤ ግን ሲያንኮራፉ ሳያቸው የት እንደደረሱ ገባኝ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ በጣም ሞኝ ነሽ" አሉኝ በአማርኛ፤ እንዳያመልጠኝ።

ስድስቱ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተሰብስበው በሹክሹክታ ተመካከሩ። ከዚያ አቶ ሻንካ ጎንበስ ብለው ከአጥሩ ሥር ለምለም ሣር ነጩ፤ ሌሎቹም ነጩ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ነገሩ አበቃ፤ እምቢ የሚባል የለም። ስድስቱም በጸጋነሽ ፊት ጉልበታቸውን ሊያጥፉ ሲሉ ሮጣ ያዘቻቸው።

"አባቶቼ፣ በእናንተ ሞት፣ አትንበርከኩ። እኔ ትቼለታለሁ" አለች። ከዚያ ሆዷን አሳየቻቸው። "ግን ስሙ የጠፋው የእሱ ነው። በእሱ ስም ነው የተተኛው። እሱ ይፍረድ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ሻንካ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ "ልክ ናት" አሉ።

ጸጋነሽ ሳታየኝ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ጠበቅን። ምንም የለም። ዶክተር ሄለን ደረጃው ላይ ወጥታ ቆማ ነበር። "ገና አልነቃም" አለች። "ጥልቁ እንቅልፍ ግን ብዙ አይቆይም። ጠብቁት።"

እንዲህ ሆኖ፣ ስድስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ሣር በእጃቸው ይዘው፣ አንዲት ሐኪም፣ አንዲት አማት፣ ሁለት እስከ ትናንት የማይተዋወቁ እጮኛሞች፣ ሁላችንም በጠራራ ፀሐይ ቆመን አንድ ሰው ከእንቅልፉ እስኪነቃ ጠበቅን። በግቢው የሚያልፉ ሰዎች ጭምር ዝም ብለው ቆሙ፤ ለምን እንደቆሙ እንኳ አልጠየቁም።

ከዚያ መዳፌ ላይ አረፈብኝ። ስስ ንክኪ አይደለም፤ ሙሉ ተረከዝ ነው።

"እህ!" አልኩ።

"ምን አለ?" አሉ አቶ ሻንካ።

"ረገጠኝ።"

ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ሻንካ ሣሩን በጸጋነሽ እግር ሥር አኖሩት። "ተፈርዷል" አሉ። "ይግባኝ አለህ?"

"የለኝም።"

እጄን ላነሣ ስል ጸጋነሽ አጥብቃ ያዘችው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየችኝ።

"ቆይ" አለች፣ "ገና አልጨረሰም።"